ለሁለት የተከፈለው ሶፋ

ጫልቱ ሰው ቤት ገብታ ዝም ብላ ተቀምጣ አታውቅም። መጀመሪያ ትጠይቃለች። መጋረጃው ከየት እንደተገዛ፣ ግድግዳው ሲመታ ለምን ባዶ ባዶ እንደሚል፣ የውሃ ማሞቂያው ቦይለር ለምን እንደሚያጉረመርም ካላወቀች የቀረበላት ሻይ አይወርድላትም። ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላን እያጸዳች በኖረችባቸው ዓመታትም ያው ነበረች። የሥራ ጓደኞቿ ወንበሩን ወልወል አድርገው ሲያልፉ እሷ ጎንበስ ብላ የነፍስ አድን ጃኬቱ እንዴት እንደታጠፈ ታጠና ነበር። አለቃዋ አውሮፕላኑን ልትገዢው ነው ወይ እያለ ይቀልድባታል፤ እሷ ደግሞ ቀልዱን ትታ ዋጋውን ትጠይቀዋለች።

ጡረታ ከወጣች ወዲህ ይህ ሁሉ ጠያቂነቷ ሶፋ ላይ አረፈ። ነገሩ እንዲህ ነው። ለንደን ውስጥ አዲስ መጤ ከስንት ጊዜ የስደተኛ ሆቴል ኑሮ በኋላ የካውንስል ቤት ሲደርሰው፣ የሚደርሰው ባዶ ቤት ነው። ምንጣፍ የለው፣ መጋረጃ የለው፣ ወንበር የለው። ካውንስሉን ጫልቱ እስከ ዛሬ «ቀበሌ» ነው የምትለው፤ ቃሉ ከአዲስ አበባ አብሯት ወጥቶ እዚሁ አረጀ። እናም ቀበሌ የሰጠውን ባዶ ቤት የምትሞላው እሷ ናት። በምትኖርበት ሰፈር በኬንቲሽ ታውን ማን ቤት ሊለቅ እንደሆነ፣ ማን ዕቃ ሊቀይር እንደሆነ ከፖስተኛው ቀድማ ትሰማለች። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «የሶፋ ሚኒስትር» ይሏታል። ትቆጣለች፤ ግን ስሙን አልጠላችውም።

የራሷ የሆነ አሠራር አላት። ሶፋ ስትረከብ መጀመሪያ የመቀመጫውን ዚፕ ትከፍትና እጇን እስከ ክርኗ ትሰዳለች። የጸጉር መርፌ ታወጣለች፣ የብዕር ክዳን ታወጣለች፣ አንዴማ የሰው ሠራሽ ጥርስ አውጥታ ለባለቤቱ ወስዳ ሰጥታለች። ቀጥላ ስፖንጁን በጣቷ ትጫነዋለች፣ ታሸተዋለች። ያረጀ ስፖንጅ ዳሩ እየተፈረፈረ ቢጫ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱን አራግፋ ዚፑን ትዘጋለች። በመጨረሻ የጥፍር መቁረጫዋን መቀስ ታወጣና ከመቀመጫው ሥር የተሰፋውን መለያ ጨርቅ ክሩን ሳትጎዳ ትቆርጠዋለች። ያ ጨርቅ በእንግሊዝ አገር ሶፋ ሁሉ ላይ አለ። ፋብሪካውንና ቁጥሩን ይናገራል፤ ከላዩ ላይ ደግሞ በትልልቁ፣ ቸልተኝነት እሳት ያስነሣል የሚል ተጽፎበታል። ጫልቱ ይህን ጽሑፍ አትወደውም። ቤታቸው ተቃጥሎባቸው የመጡ ሰዎች ታውቃለች። በአዲስ ቤታቸው፣ ገና በተባረከ ቤት፣ ከመቀመጫቸው ሥር እሳት የሚል ቃል ተሰፍቶ እንዲያድር አትፈልግም። ቆርጣ ትጥለዋለች፣ እጇን ጭና ትጸልያለች፣ ከዚያ ሶፋው ይሄዳል። ጨርቁ ለምን እንደተሰፋ ግን፣ ሁሉን የምትጠይቀው ሴትዮ፣ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃ አታውቅም።

ፊት ለፊቷ ካሉት ቤቶች በአንዱ ጡረታ የወጣች እንግሊዛዊት አስተማሪ ትኖር ነበር። ወደ ትንሽ ቤት ልትዛወር ስትል ማዕዘን ይዞ የሚዘረጋ ሰፊ ኮርነር ሶፋዋን ለጫልቱ ሰጠቻት። ግራጫ፣ ገና ያላረጀ፣ እንኳን ለአዲስ መጤ ለሚኒስትሯም የሚያምር ሶፋ ነበር። በዚያ ሰሞን ወንበር ያጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ሃይሚ ናት፤ ባተርሲ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደርሷት ሆዷ ገፍቶ ወለል ላይ የምትተኛ ልጅ። ሌላው ሳዶቅ ነው፤ እዚያው ኬንቲሽ ታውን አንዲት ክፍል ተከራይቶ በብስክሌት ምግብ የሚያመላልስ ወጣት። ለአንዱ ሞልቶ ለሌላው ጦም ማሳደር ለጫልቱ አይሆንላትም። ኮርነር ሶፋ መጋጠሚያው ላይ ብረት እንዳለውና ብረቱ ሲነሣ ለሁለት እንደሚከፈል አጥንታ ታውቃለች። ከፈለችው። ረጅሙ ወገን ለሃይሚ፣ አጭሩ ለሳዶቅ ሆነ። ሁለቱንም መለያዎች ቆርጣ፣ ሁለቱንም ባርካ ሰደደቻቸው።

ከዚያ በኋላ ሃይሚ ወለደች። ልጅቷ በዚያ ሶፋ ላይ ጠባች፣ ተኛች፣ ጠርዙን ይዛ መቆም ተማረች፣ ጥርሷን ስታወጣም ያንኑ ጠርዝ እያኘከች ነው ያወጣችው። ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል ግን ነገረ ሥራዋ ሁሉ ዘገየ፤ ሐኪሞች ደሟን አይተው አንገቷ ላይ ያለችው የእንቅርት ዕጢ በሚገባ እየሠራች አይደለም አሉ። ከምን እንደመጣ ግን አልነገሯትም። የስፔሻሊስት ቀጠሮ ደግሞ ወራት ያስጠብቃል።

በዚሁ መሐል አስተማሪዋ ለጫልቱ ደወለች። ያንን ሶፋ ለማን ሰጠሽው አለቻት። እንደ እሷ ያንኑ ዓይነት ሶፋ ከዚያው ኩባንያ የገዙ ሰዎች ተሰባስበው ኩባንያውን ከሰውት ኖሯል። ስፖንጁ ቶሎ እሳት እንዳይይዝ ተብሎ የተነከረበት ኬሚካል ሰው ቤት ሊገባ የማይገባው ዓይነት ነው ይላሉ። ኩባንያው ጥፋቴ ነው አላለም፤ ጥፋቴ ነው ሳይል ግን ከፍርድ ቤት ውጭ ልስማማ ብሏል። ጠበቆቹ አሁን እያንዳንዱን ሶፋ ካለበት እየፈለጉ ነው።

ጫልቱ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ቆማ ቀረች። የገረማት ሌላ አልነበረም። ከእሳት እንዲያድን የገባ ነገር እንዴት ሰውን ይጎዳል? እሷ ቃሉን ከሶፋው ላይ ስትቆርጥ ኖራለች፤ ነገርየው ግን ውስጥ ነበረ።

ናሙና የሚወስደው ሰው ባተርሲ በመጣ ቀን ጫልቱም ሁለት አውቶቡስ ይዛ ከተፍ አለች። ሰውዬው ጓንት አድርጎ ከስፖንጁ የክብሪት ቀፎ የምታህል ቆረጠ፤ ከሶፋው ሥር ያለውን አቧራ በነጭ ጨርቅ ጠርጎ በከረጢት አሸገ። ጫልቱ ከጎኑ ተንበርክካ ታየዋለች። አቧራው ለምን ተፈለገ ብላ ጠየቀችው። ሰውዬው ደግ ሰው ነበርና አስረዳት። ኬሚካሉ ከስፖንጁ ጋር አልተጣበቀም፤ ሰው በተቀመጠና በተነሣ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ይወጣል፣ አቧራ ላይ ያርፋል፣ አቧራው ወለል ላይ ይወርዳል፣ ወለል ላይ የሚድኸው ደግሞ ሕፃን ነው። ሕፃን እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። የልጅቷ ሕመም ከዚህ የመጣ ነው ወይ ስትለው፣ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ ማንም ደፍሮ አይናገርም አላት። ጫልቱ ስንት ስፖንጅ በጣቷ እንደተጫነች፣ ስንት ቢጫ ዱቄት በገዛ እጇ እንዳራገፈች አስታወሰች። መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸው። ፈራች።

የጠበቆቹ ቢሮ ውስጥ ጉዳዩን የያዘችው ዳናዊት የምትባል እዚሁ ለንደን የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት። አማርኛዋ ከእናቷ ኩሽና የተማረችው ነው፤ ሕግ ሲመጣ ወደ እንግሊዝኛው ታዘነብላለች። ሃይሚንና ጫልቱን አስቀምጣ ስምምነቱን ዘረዘረችላቸው። ኩባንያው የሃይሚን ሶፋ ወስዶ ያስቃጥላል፣ በምትኩ ሌላ ይሰጣል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጅቷ እስክታድግ ድረስ በግል ስፔሻሊስት እንድትታይ ወጪውን ይሸፍናል። አንድ ችግር ግን አለ። ሶፋው መለያ የለውም። መለያ የሌለው ሶፋ የዚያ ኩባንያ መሆኑ እንዲታመን፣ ከማን ተቀብላ፣ መለያውን በገዛ እጇ ቆርጣ፣ ለማን እንደሰጠች ጫልቱ ራሷ መስክራ መፈረም አለባት።

ዳናዊት መለያውን ለምን እንደቆረጠችው ጠየቀች። ጫልቱ ነገረቻት። ዳናዊት ብዕሯን አስቀመጠች፤ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልታወቀም።

«እፈርማለሁ» አለች ጫልቱ። «ቆይ ግን፣ ናሙናው ውስጥ የተገኘው ነገር ስሙ ማን ነው?»

«አንቲ፣ ሪፖርቱ ሲልድ ነው። ማየት አይቻልም። ሴትልመንቱ ኮንፊደንሻል ነው።»

«እሱ ደግሞ ምን ማለት ነው?»

«ሳይን ካደረግሽ በኋላ ስለዚህ ሶፋ፣ ስለ ኩባንያው፣ ስለ ኬሚካሉ ለማንም ማውራት አትችይም። ሃይሚም እንደዚያው። አንዳችሁ ካወራችሁ ኩባንያው የልጅቷን ነገር ካንስል ማድረግ ይችላል።»

ጫልቱ ነገሩን በአእምሮዋ አገላበጠችው።

«ስለዚህ እኔ የምፈርመው የማላውቀውን ነገር ላልናገር ነው።»

«ኤግዛክትሊ» አለች ዳናዊት፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች።

ጫልቱ እንደዚያን ቀን ተናዳ አታውቅም። ገንዘብ ሰጥቶ ዕቃ መውሰድ ታውቃለች፤ ገንዘብ ሰጥቶ ጥያቄ መውሰድ ግን ሰምታ አታውቅም። ሃይሚ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች፤ ልጅቷ ጭኗ ላይ ተኝታለች። ምረጪ ቢሏትም የሚመረጥ ነገር አልነበረም። ጫልቱ የጠየቀችው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። እስክትፈርም ድረስ አፏ የራሷ ነውና፣ የሶፋውን ግማሽ የወሰደውን ሳዶቅን ፈልጋ ልትነግረው አሰበች።

ሳዶቅ ግን የለም። ስልኩ ተቀይሯል፣ ክፍሉን ለቋል። አብሮት ይኖር የነበረውን አምሃን ሥራ ቦታው ድረስ ሄዳ አገኘችው። አምሃም ሳዶቅ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ኮቨንትሪ፣ ከሄደ መቆየቱን፣ አከራዩም የክፍሎቹን ዕቃ ሁሉ ጠራርጎ እንዳስጣለ ነገራት። ሶፋውንም ጭምር? ብላ ጠየቀችው። ሁሉንም ነው ያስጣለው አላት። የተጣለ ሶፋ ሰው አይጎዳም። ጫልቱ እግዚአብሔርን አመሰገነች፤ ተመልሳም ፈረመች።

የሃይሚን ሶፋ በወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልለው ወሰዱት። ልጅቷ የግል ሐኪም ዘንድ ቀረበች፣ መድኃኒት ጀመረች፣ ጥቂት ቆይቶም መንገድ ላይ እናቷን ጥላ መሮጥ መጣ። ሃይሚ እየደወለች ስለ ሩጫው ትነግራታለች፤ ስለ ሶፋው ግን እርስ በርሳቸው እንኳ አያወሩም። ጫልቱ ሚኒስትርነቷን ተወች። ለምን ሲሏት ወገቤን አመመኝ ትላለች፤ ወገቧንም በእርግጥ ያማት ነበር። የቤት ዕቃ መሸጫ ፊት ለፊት ስታልፍ ግን እግሯ አይታዘዝላትም። ትገባለች፣ የመቀመጫዎቹን ሥር ትገለብጣለች፣ ያንን መለያ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ታነባለች። ሻጩን ስፖንጁ በምን ተነከረ ትለዋለች። ሻጩ ቀለሙ በግራጫም በሰማያዊም አለ ይላታል።

እሑድ ቀን ከአምልኮ በኋላ ሰው ሻዩን ይዞ ቆሞ ሲያወራ አንድ ወፍራም እጅ ትከሻዋን ያዛት። ዞር ብትል ሳዶቅ ነው። ጺም አብቅሏል። ሚስት አግብቶ ለንደን ተመልሷል፤ ሚስቱ አበባ ትባላለች፣ አጠገቡ ቆማ ሆዷን ደግፋ ትስቃለች። እንኳን ደስ አላችሁ፣ መቼ ነው፣ ወንድ ነው ሴት፣ ቤቱ የት ነው? ጫልቱ በአንድ ትንፋሽ ጠየቀች። ሳዶቅ ሁሉንም መለሰ፤ መጨረሻ ላይ ሳትጠይቀው አንድ ጨመረላት።

«የሰጡኝን ሶፋ እኮ አልጣልኩትም እትዬ ጫልቱ። ወደ ኮቨንትሪም ይዤው ሄድኩ፣ ይዤውም ተመለስኩ። የልጁን አልጋ እስክንገዛ እዚያ ላይ ነው የምናስተኛው።»

አምሃ የሳዶቅን ክፍል ባዶ ሲያይ ሶፋው አብሮ የተጣለ መስሎት ኖሯል። ጫልቱ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ የሃይሚ ልጅ ስትሮጥ ታየቻትና ዘጋችው።

በማግስቱ ለዳናዊት ደወለች። የሶፋውን ሌላ ግማሽ አግኝቻለሁ፣ ነፍሰ ጡር ቤት ነው ያለው፣ አንድ ቃል ልናገር አለቻት። በስምምነቱ የሚካተቱት ሰዎች ዝርዝር ተዘግቷል፤ ጠበቆቹም ራሳቸው መናገር አይችሉም። ብትናገሪ ለእኔ ምንም አይመስለኝም፣ ኩባንያው ከሰማ ግን የልጅቷ ሕክምና ይቆማል አለቻት። ድምፅዋ የጠበቃ አልነበረም፤ የሰው ልጅ ድምፅ ነበር።

ጫልቱ ሳምንቱን ሙሉ ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ ከረመች። ትኋን አለበት ልትል አስባ ነበር። ውሸት ነው፤ ደግሞም ሳዶቅን ታውቀዋለች፣ ሶፋውን አይጥለውም፣ መርዝ ገዝቶ ይነፋበታል። በመርዝ ላይ መርዝ። አዲስ ልገዛላችሁ ብትል አሮጌውን ለሌላ ችግረኛ ይሰጡታል፤ ያስተማረቻቸው ራሷ ናት። ቅዳሜ ዕለት ዳቦ ገዝታ፣ አንድም ዘዴ ሳትይዝ ቤታቸው ሄደች።

በሩ ሲከፈት ሁለቱም ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሶፋው እዚያው ነው። ነጭ ዳንቴል አልብሰውታል፣ ከሥሩ ትንሽ ምንጣፍ አንጥፈውለታል። አበባ ቀድማ ሄዳ ለእንግዳ የሚሆነውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፤ በመስኮት በሚገባው ብርሃን አቧራው ብን ሲል ጫልቱ አየችው። ይቀመጡ አሏት።

ጫልቱ ጫማዋን አወለቀች። ሶፋውን አልፋ ሄደችና ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር፣ ባዶው ወለል ላይ፣ ቁጭ አለች።

ሳዶቅ የወደቀች መስሎት ሮጠ። ምን ሆኑ አላት። ምንም አልሆንኩም አለችው። ከኩሽና ብቸኛዋን ወንበር አመጣላት፤ እዚህ ይሻለኛል አለችው። በሞቴ አላት። እሱንም እንቢ አለች። እናቱ የምትሆን ሴት ወለል ላይ ተቀምጣ እሱ ምን ሊሆን ነው? ሶፋው ላይ ሊቀመጥ አይችልም፤ ቆሞ ሊያያትም አይችልም። ፊቱ ቀላ፣ አንገቱን አከከ፣ ቆይቶ እሱም ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አበባ ምግቡን አምጥታ በመካከላቸው አኖረችና ሆዷን በአንድ እጇ፣ ግድግዳውን በአንድ እጇ ይዛ ቀስ ብላ ከጫልቱ አጠገብ ወረደች።

በሉ። ሶፋው ዳንቴሉን ለብሶ ባዶውን ተቀምጧል። እሷ ከወለሉ እስካልተነሣች ድረስ እዚያ ላይ የሚወጣ ሰው እንደሌለ ጫልቱ ታውቃለች። ከምሳ በኋላ ሻይ መጣ፤ አልተነሣችም። ሻይ አለቀ፤ አልተነሣችም። ጉልበቷ ይጠዘጥዛል፣ ወገቧ ይቆረጥማል። ደግሞ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀችም፤ ስለ መጋረጃውም፣ ስለ ቦይለሩም። ሳዶቅን ያስፈራው ይኼ ይመስለኛል።

«እትዬ ጫልቱ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «አስቀየምንዎት እንዴ?»

«አላስቀየማችሁኝም ልጄ።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ይንገሩን።»

«አልችልም።»

ከዚህ ሌላ አልወጣትም። እንባዋ ግን ወጣ፤ ሻርፗን ፊቷ ላይ አደረገች። ሳዶቅ እሷን ያያል፣ ሚስቱን ያያል፣ ምንም አልገባውም። አበባ ዓይኗን ከጫልቱ ፊት ወደ ሶፋው አዞረች፤ ከሶፋው ወደ ገዛ ሆዷ።

«ሳዶቅ» አለች፤ «ይሄ ሶፋ ዛሬ ከዚህ ቤት ይውጣ። ለማንም አይሰጥ። ጨርቁን በቢላ ቅደደው፣ ሰው እንዳያነሣው፤ ካውንስሎቹ መጥተው ይውሰዱት።»

ሳዶቅ ለምን ሊል አፉን ከፈተ፤ አበባ በዓይኗ ዘጋችው። ሶፋውን ገፍቶ በበሩ ሲያወጣው ጫልቱ ልትነሣ ሞከረች፤ ጉልበቷ እምቢ አላት። አበባ ከነሆዷ ተንበርክካ ብብቷን ይዛ አነሣቻት፣ እንባዋን በእጇ ጠረገችላት፣ ጫማዋን አቀረበችላት። እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ክንዷን ይዛ ሸኘቻት፤ ምክንያቱን ግን አልጠየቀቻትም።